ጠርሙስና ሽቦ

ትዝታ የሚለው የአማርኛ ቃል ሦስት ነገሮችን ባንድነት ይይዛል፤ ያለፈውን ዘመን በልብ መመለስን፣ ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱን፣ በዚያ ቅኝት የሚዜመውንም የናፍቆት ዘፈን። ሦስቱ በአንድ ስም የተጠሩት በአጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል፤ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ላደገና ጊታርን ጭኑ ላይ አጋድሞ መምታት ለለመደ ሰው ልጅነት ተመልሶ የሚመጣው ከመልክም ከሽታም አስቀድሞ በድምፅ ነው፤ ከድምፅም ደግሞ ጠርሙስ በተወጠረ ሽቦ ላይ ሲንሸራተት በሚሰማው ቀጠን ያለ ልቅሶ መሰል ድምፅ። ይህ ድምፅ ከአንድ ኖታ ወደ ሌላው አይዘልም፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ ሁሉ እየዳሰሰ ይሄዳል፣ ከቦታው ሲደርስም ወዲያው ጸጥ አይልም፣ ጥቂት ይንቀጠቀጣል። ብቻውን ሆኖ የሚያንጎራጉር ሰው ጉሮሮም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለውን ድምፅ የሚሰጠው መሣሪያ ላፕ ስቲል ጊታር ይባላል፤ ላፕ ጭን፣ ስቲል ብረት ማለት ሲሆን ስሙ አጨዋወቱን በሁለት ቃል ይናገራል። ተራው ጊታር ደረት ላይ ተደግፎ ይያዛል፤ የግራ እጅ ጣቶችም ክሮቹን ወደ አንገቱ እየተጫኑ ፍሬት በሚባሉት ቀጫጭን የብረት መስመሮች ላይ ድምፁን ይወስናሉ። ላፕ ስቲል ግን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ጭን ላይ ይጋደማል፤ ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ ብለው ስለሚወጠሩ ፍሬቱን አይነኩትም፣ ግራ እጅ የሚይዘው ልሙጥ ብረትም ክሮቹን ሳይጫን ከላያቸው ያርፋል፣ ወዲያና ወዲህም ይንሸራተታል። ፍሬቱ ከዚያ በኋላ ድምፅ መወሰኑ ይቀርና ዓይን የሚመራበት ምልክት ብቻ ሆኖ ይቆያል። ትክክለኛውን ድምፅ የማግኘት ኃላፊነት ሁሉ በጆሮ ላይ ይወድቃል፤ ጀማሪን የሚያስፈራውም፣ ቆይቶ ደግሞ ከመሣሪያው ጋር የሚያስተሳስረውም ይኸው ነው።

ጎጆ፣ የጀልዱ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ከሚሄደው አውራ ጎዳና ጊንጪ ላይ ወደ ሰሜን በሚገነጠለው መንገድ ሽቅብ ተወጥቶ የሚደረስባት የደጋ ከተማ ናት። ስሟ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ትንሿን የሣር ቤት ያስታውሳል፤ በክረምት ጠዋት ላያት ሰውም ስሙ የሚገባት ይመስላል፤ ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ የገብሱንና የድንቹን ማሳ ሲሸፍን ከከተማይቱ የሚታየው ጥቂት ጣሪያና ከየጣሪያው የሚወጣው የባህር ዛፍ ጭስ ብቻ ነበርና። ጉም የሩቁን ስለሚጋርድ እዚያ ያደገ ልጅ የሚመጣውን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው መለየትን ይለምዳል፤ የፈረስ ኮቴን፣ የቆርቆሮ በር መንጓጓትን፣ ማዶ ለማዶ የሚወርደውን ገራርሳ፣ ማለትም አንድ ኦሮሞ ጀግንነቱንና የኑሮውን ውጣ ውረድ በዜማ የሚያወሳበትን ግጥም። የእንዲህ ያለ ልጅ የሙዚቃ ትምህርት የተጀመረው መሣሪያ ከመያዙ በፊት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የመጀመሪያው መሣሪያ ግን ቆርቆሮ ነበር። ባዶ የዘይት ጋሎን ሆዱ፣ ከባህር ዛፍ የተጠረበ ዱላ አንገቱ፣ ከአሮጌ ብስክሌት የፍሬን ገመድ ውስጥ አንድ በአንድ የተፈታ ቀጭን ሽቦ ክሩ ይሆናል፤ በየከተማው ያሉ ልጆች ይህን ዕቃ ጊታር ይሉታል፣ ስሙም አይበዛበትም። እዚህ የሚታሰበው የያኔው ልጅ የሠራው ጊታር ሦስት ሽቦ ነበረው፤ ሽቦዎቹ ከዱላው የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ርቀው ስለተወጠሩ ተጭኖ መምታት አልተቻለም፣ የሞከረች ጣትም ተቆርጣ ትመለስ ነበር። ስለዚህ ጋሎኑ ጭን ላይ ተጋደመ፤ ጣት ያቃተውንም ሥራ በቤት ውስጥ ከተገኘው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ልሙጥና ክብ የሆነው የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ተረከበው። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የኖረው ይህ የማዕድን ውኃ በጎጆ ቤቶች የሚገባው ለእንግዳና ሆዱን ለታመመ ሰው ነበር፤ ጠርሙሱም የባለሱቅ ንብረት ነው፣ ማስያዣ አለበት፣ መመለስ ይኖርበታል። እናቱ ይህን በየቀኑ ታስታውሰዋለች፤ ልጁም ነገ እመልሰዋለሁ ይላታል።

ጠርሙሱን የያዘ ሰው ቀስ በቀስ የሚማረው ነገር አለ። ጠርሙስ በቅርጽ ማውጫ ሲሠራ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር በጎኑ ይቀራል፤ ያ መስመር ሽቦውን ከነካ ድምፁ ይሻክራል፣ ንብ እንደገባበት ቅል ይነዝራል። ጠርሙሱን ጥቂት አዙሮ ልሙጡን ጎን ሽቦው ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በጣም ከተጫኑት ሽቦው ዱላውን ይነካና ድምፁ ይሞታል፤ ከላላ ደግሞ ጠርሙሱ ሽቦው ላይ ይንቀጫቀጫል። በሁለቱ መካከል ያለው ክብደት የጠርሙሱ የራሱ ክብደት ያህል ነው፤ እጁ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ጠርሙሱን መምራት ብቻ ነው። ልጁ ይህን ማንም ሳያስተምረው አገኘው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በፎቶኮፒ የተባዛ የላፕ ስቲል መማሪያ እጁ ሲገባ የመጀመሪያው ገጽ የሚያዝዘው ይህንኑ እንደሆነ አየ። ያን ገጽ ሲያነብ የተሰማው ደስታ አንድ የሩቅ አገር ሰው የልጅነቱን ቤት ያወቀለት ያህል ነበር።

የዚህ አጨዋወት ትልቁ ታሪክ የሃዋይ ደሴቶች ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ግድም ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የኦዋሁ ደሴት ወጣት ተማሪ ጊታርን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሮቹን በብረት እያንሸራተተ መጫወትን አሳደገ፤ የሃዋይ ሙዚቃ በ1915 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ከተደረገው ታላቅ ዐውደ ርእይ በኋላ በአሜሪካ ሲስፋፋም መሣሪያው አብሮ ተስፋፋ። በ1932 እ.ኤ.አ. ሪከንባከር በሚባለው ስም ለሚታወቀው ፋብሪካ መነሻ የሆነው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው፣ ጆርጅ ቦሻም የነደፈው ኤሌክትሪክ ጊታር ላፕ ስቲል ነበር፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ የተጀመረው ጭን ላይ ነው ማለት ነው። ከአሉሚኒየም የተቀረጸው ያ መሣሪያ ክብ ሆድና ረጅም አንገት ስለነበረው መጥበሻ የሚል ቅጽል ወጣለት። ከዚያ ቤተሰብ የተወለደው ፔዳል ያለው ስቲል ጊታር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴ የጁጁ ሙዚቃ ውስጥ ሲሰማ ደግሞ ከዮሩባ ከበሮ ጋር ተወልዶ ያደገ ይመስል ነበር። የዘይት ጋሎንና የአሉሚኒየም መጥበሻ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

ቅርቡ ዘመድ ግን ሃዋይ ድረስ መሄድ የማያሻው ማሲንቆ ነው። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ አውታሩም የፈረስ ጭራ የሆነ መሣሪያ ሲሆን፣ አውታሩ ከአንገቱ ርቆ ስለሚወጠር ጣት ከጎን ይነካዋል እንጂ ወደ እንጨቱ ተጭኖ አያደርሰውም፤ ስለዚህ በማሲንቆ ላይም ፍሬት የለም፣ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሄደው በመንሸራተት ነው። በገበያ ቀን ወደ ጎጆ የሚመጡ፣ ልጆቹ ኦቦ እያሉ በአክብሮት የሚጠሯቸው አንድ ሽማግሌ ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። ልጁ ጋሎኑን ታቅፎ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያደርጉትን ሁሉ ለማድረግ ሲሞክር አላባረሩትም፤ ይልቁንም አንድ ድምፅ ይመቱና ይጠብቁታል፣ እሱም ጠርሙሱን እያንሸራተተ ያን ድምፅ ሲፈልግ ያደምጣሉ፣ ሲያገኘው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሲያልፈውም ዝም ብለው ያንኑ ድምፅ ይደግሙለታል። የዕጣንና የጠላ፣ የእርጥብ ጋቢና የፈረስ ላብ ሽታ በተቀላቀለበት በዚያ ጥግ የተሰጠው ትምህርት ይኸው ብቻ ነበር፤ ሌላ ትምህርት ያስፈልግ እንደነበርም ያጠራጥራል።

የካሴትና የሬዲዮ ዘመን ደግሞ ሌላ ጆሮ አመጣ። የካሣ ተሰማና የአስናቀች ወርቁ ክራር፣ በኢቤክስና በሮሃ ባንድ የሚታወቀው የሰላም ስዩም ጊታር፣ ሁሉም ድንጋዩ ሊያልቅ በደረሰ ሬዲዮ እየተንጠባጠቡ ጎጆ ይደርሱ ነበር። ልጁ ወጣት ሲሆን እውነተኛ መሣሪያ መምረጥ ነበረበት፤ ምርጫውም በክራርና በጊታር መካከል ነበር። ክራር በአፈ ታሪክ የበገና ተቃራኒ ሆኖ የተቀመጠ መሣሪያ ነው፤ በገናን እግዚአብሔር ለዳዊት ሰጠው፣ ክራርን ደግሞ ሰይጣን ለማሳሳቻ ሠራው እየተባለ ይተረካል፤ ይህን ትረካ የሰማች እናት ልጇ ክራር ከሚይዝ ጊታር ቢይዝ ትመርጣለች፤ ጊታርን የሚከስስ አፈ ታሪክ አልነበረምና።

ክራር የሚመርጥ ሰው ምን እንደሚያይ መጥቀስ ተገቢ ነው፤ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ጋር ይገናኛልና። ገበቴው፣ ማለትም ድምፅ የሚያጎላው ሆድ፣ ስንጥቅ ሊኖረው አይገባም። ገበቴውን የለበሰው ቆዳ በጣት ሲቆረቆር ጥርት ያለ አጭር ድምፅ መስጠት አለበት፤ ደንቆሮ ከሆነ ወይ በደንብ አልተወጠረም፣ ወይ እርጥበት ገብቶበታል። ሁለቱ ምሰሶዎችና ከላያቸው የተጋደመው ቀንበር ሲነቀነቁ መንቀሳቀስ የለባቸውም፤ አውታሮቹ የተጠመጠሙበት መቃኛም የተሰጠውን ይዞ መቆየት አለበት። በጎጆ ክረምት ላይ ግን ምርጥ የተባለ ክራርም ይፈተናል። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፣ አውታሩም አብሮት ይላላል፤ ክራር ያለው ሰው ከመጫወቱ በፊት መሣሪያውን ወደ ምድጃው አስጠግቶ ቆዳውን ማሞቅ ነበረበት። የሚሞቅ ቆዳ ሽታ፣ ትንሽ የበግ፣ ትንሽ የጭስ፣ ትንሽም የቅባት የሆነው ሽታ፣ ዛሬም ድረስ ዘፈን ሊጀመር ነው የሚል ስሜት ያመጣል።

ወጣቱ የአንድ መኸር ድንች የተሸጠበትን ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ ፒያሳ የወረደው ጊታር ለመግዛት ነው። ላፕ ስቲል የሚባል ዕቃ በመደርደሪያው ላይ አልነበረም፤ ቀጥ ያለው አዲስ ጊታር ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ሆነ። በሱቁ ግድግዳ ጥግ የተሰቀለ ሌላ ጊታር ግን አንገቱ ጎብጦ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ወይም ክሮቹ ሳይላሉ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ክሮቹ ከፍሬቱ በጣም ስለራቁ ማንም ተጭኖ ሊጫወትበት አይችልም። ሻጩ ይህን አልደበቀም፤ ለጌጥ ካልሆነ አይረባህም አለው። ወጣቱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሽቦው ከአንገቱ የራቀ መሣሪያ እንጂ ሌላ አያውቅም። ጊታሩን አውርዶ ጭኑ ላይ አጋደመው፤ የክራር መራጮች እንደሚያደርጉት ሆዱን በጣቱ ቆረቆረው፣ ስንጥቅ ፈለገበት፣ ክሮቹ የታሰሩበት ድልድይ ከሆዱ እየተላቀቀ መሆን አለመሆኑን በጥፍሩ ፈተሸ፣ መቃኛ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አጥብቆ ጥቂት ቆየና መልሶ መታቸው። ለተራ ጊታር ሞት የሆነው ጉብጠት ለላፕ ስቲል ጉዳት የለውም፤ ሊጎዳው የሚችለው የሚንሸራተት ቁልፍና የተሰነጠቀ ሆድ ነው፤ ሁለቱም አልነበሩበትም። ያ ሱቅ የነበረበት መስመር በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ መንደሮች ጋር ሄዷል፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ዛሬ የሚያየው ሰፊ መንገድ ነው፣ የግድግዳውን ጥግ የሚያስታውስበት አንድም ድንጋይ የለም።

ጊታሩ ጎጆ ሲደርስ የእናቱ ወንድም፣ በአካባቢው አጠራር ኤሱማው፣ አናጢ ስለነበር አሠራሩን ተረከበ። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበትን ትንሽ አጥንት መሰል ድጋፍ አነሣና በቦታው ወፈር ያለ ቡሎን አጋደመበት፤ የቡሎኑ ጥርሶች ክሮቹን እኩል በእኩል ለያይተው ያዙ፣ ክሮቹም ከፍሬቱ ይበልጥ ራቁ። ጠርሙሱን የሚተካው ብረት ከጋራዥ የተገኘ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ልሙጥ የዘንግ ቁራጭ ነበር፤ ጫፎቹ በሞረድ ተሞርደው፣ በአሸዋ ወረቀት ታሽተው፣ መልክ እስኪያሳዩ ድረስ ተወለወሉ። ብረት ከጠርሙስ ስለሚከብድ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም፤ ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የመጀመሪያው ክር ተመቶ ድምፁ እስኪያልቅ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው አደመጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው መቃኘት ነው። ግሱ በአማርኛ አገርን ዞሮ ማየትንም መሣሪያን ማስተካከልንም ያመለክታል፤ ሁለቱም ሥራዎች በትዕግሥት መዞርን ስለሚጠይቁ አንድ ቃል መጋራታቸው ያስደስታል። የተራ ጊታር ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። ጭን ላይ ለተጋደመ ጊታር ግን ይህ ቅኝት ብዙ አይረዳም፤ ቀጥ ያለው ብረት ስድስቱን ክሮች በአንድ መስመር ስለሚነካቸው እርስ በርስ ያላቸው ርቀት አይለወጥም፣ ስለዚህ ክሮቹ ገና ሳይነኩ፣ ባዶአቸውን ሲመቱ፣ የሚስማሙ ሆነው መወጠር አለባቸው። ይህ ክፍት ቅኝት ይባላል። ከክፍት ቅኝቶች በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ተብሎ የሚወጠረው ነው፤ የፎቶኮፒው መማሪያም የሚያዝዘው ይህን ነበር። ወጣቱ ጊታሩ ላይ ያሉትን ክሮች ወደዚያ ለመሳብ ሲሞክር ሬ የነበረው አራተኛው ክር ወደ ሶል ሲጠጋ ጮኾ ተበጠሰና የእጁን ጀርባ ገረፈው።

መላው ከሁለት ጥቅል ክር አንድ ጊታር መሥራት ሆነ። የሁለቱም ጥቅሎች ወፋፍራም ክሮች ይቀራሉ። ከሁለቱ ሬ ክሮች አንዱ በአንድ ድምፅ ወርዶ ዶ፣ ሌላው በአንድ ድምፅ ወጥቶ ሚ ይሆናል፤ ከሁለቱ ሶል ክሮች አንዱ እንዳለ ይቆያል፣ ሌላው በአንድ ድምፅ ወጥቶ ላ ይሆናል፤ ሲ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ዶ ይሆናል፤ ቀጭኑ ሚ ባለበት ይቀራል። ይህን ስሌት ለመድረስ የፈጀው ጊዜ አንድ ሙሉ ክረምት ነው። ዛሬ ስልክ ላይ በደቂቃ የሚገኝ ነገር ነው፤ በፍጥነቱ የሚከፋ ሰው አይኖርም፤ ያ ክረምት ግን የእያንዳንዱን ክር ጠባይ፣ እስከ የት እንደሚታገሥና የት ላይ እንደሚያምጽ፣ በጣት ያሳወቀ ክረምት ነበር።

የእጅ ትምህርቱ በሁለት ነገር ላይ ያተኩራል። አንደኛው ብረቱን በትክክል ፍሬቱ አናት ላይ ማዋል ነው፤ ተራ ጊታር የሚጫወት ሰው ጣቱን ከፍሬቱ ኋላ ስለሚያሳርፍ የለመደው ልማድ እዚህ ድምፁን ዝቅ ያደርግበታል፤ ከጎን ሆኖ የሚያይ ዓይንም ይሳሳታል፣ ቀጥ ብሎ ከላይ ማየት ይገባል። ሁለተኛው ማፈን ነው። ስድስት ክሮች አብረው ሲንቀጠቀጡ የማይፈለገውን ዝም ማሰኘት ከመምታት ይበልጣል፤ ከብረቱ ኋላ የሚከተሉት የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹ ላይ በቀላሉ ተኝተው የብረቱን ጉርምርምታ ያጠፋሉ፣ የቀኝ መዳፍም የተመታውን ክር ጊዜው ሲያበቃ ይዘጋዋል። ክራር የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ክራር በሁለት መንገድ ይመታል፤ በድርድር፣ ማለትም አውታሮቹን በጣት አንድ በአንድ በመንካት፣ በግርፍም፣ ማለትም ሁሉንም አውታሮች በመምቻ በአንድነት በመጥረግ፤ በግርፍ ጊዜ ዜማውን የሚያወጡት የማይፈለጉትን አውታሮች የሚያፍኑት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው።

ከክራር ጋር ያለው ዝምድና ግን በእጅ ብቻ የሚያበቃ አለመሆኑ የታወቀው በአንድ ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በጎጆ መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሪክ የማይሻ መሣሪያ ያለው ሰው ቤት ጎረቤት ይሰበሰባል። ሙሉ ትዝታ፣ ማለትም ከትዝታ ቅኝት ሁለት መልኮች አንዱ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሉ አምስት ድምፆች አሉት፤ ወጣቱ የትዝታ ዜማ በጊታሩ ሊመታ ሲጀምር ከባሕር ማዶ የመጣው ቅኝት ከአምስቱ አራቱን ይዞ ጠበቀው። የጎደለው ሬ ብቻ ነበር። ሬን በብረቱ ከዶ ሁለት ፍሬት ወጥቶ ማግኘት ይቻላል፤ እሱ ግን በጨለማ ውስጥ እጁን ወደ መቃኛው ልኮ ቀጭኑን ሚ በአንድ ድምፅ አወረደው። ስድስቱ ክሮች ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ ሆኑ፤ አምስቱ የትዝታ ድምፆች ከአንዱ ድግግሞሽ ጋር፣ ማለትም በትዝታ የተቃኘ ባለ ስድስት አውታር ክራር በውስጡ የያዘው ያው። ብረቱ ክሮቹን ሳይነካ፣ እጅ ወዲያና ወዲህ ብቻ ሲል፣ የሚወጣ ስሕተት የለም፤ የተሳሳተው ድምፅ ሁሉ በቅኝቱ ከበር ውጭ ቀርቷል። ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢሉ ደግሞ ግማሽ ትዝታ ይሆናል፤ ያ ኀዘኑ የጠለቀው ሁለተኛው የትዝታ መልክ ነው። እናቱ ከምድጃው ማዶ ሆና ይህ ክራር ነው እንዴ ብላ ጠየቀች፤ የሰይጣን ነው የተባለው መሣሪያ በጓሮ በር እንደገባባት የገባት አልመሰለም፣ ወይም ገብቷት ይሆናል፤ መልስ ሳትጠብቅ ቡናውን ቀዳች።

ከክራር ተጫዋች ጋር አብሮ መጫወት ሌላ ፈተና አመጣ። በጎጆ ማታ ብርዱ ሲበረታ ብረት ይኮማተራል፣ የጊታሩ ክሮችም ይወጠሩና ድምፃቸው ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉሙ ሲገባ ደግሞ የክራሩ ቆዳ ይረግብና ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል። በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለቱ መሣሪያዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከየዘፈኑ በኋላ እንደገና መቃኘት ነበረባቸው፤ የጨዋታው ግማሽ ጊዜ በዚህ ያልፋል፣ የተሰበሰበው ሰውም ይህን እንደ መቋረጥ አይቆጥረውም፤ ቡና ይቀዳል፣ ቆሎ ይዞራል፣ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አጋጥመው አንድ ድምፅ ሲፈላለጉ ሌሎቹ ያደምጣሉ። የባህል መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውና በ1963 እ.ኤ.አ. ግብጽ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በአዲስ አበባ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም የተለያየ ጠባይ ያላቸውን ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት በአንድ ቅኝት ማስማማት ነበረበት፤ በትልቁ መድረክና በጎጆ ምድጃ ዳር ያለው ድካም በመጠን እንጂ በዓይነት የተለያየ አይመስልም።

ዛሬ ወደ ጎጆ የሚመለስ ሰው በየሱቁ ደጃፍ ድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ አምቦ ተወልዶ በሰኔ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተገደለው የሃጫሉ ሁንዴሳ ድምፅ ከሁሉ ይበልጥ ይደጋገማል። የሠርጉ ድንኳን ውስጥ ያለው ኪቦርድ ነው፤ ኪቦርድ በብርድ አይወጣም በጉም አይወርድም፣ እንዲቃኝም አይለምንም። ከገበያው ጥግ የማሲንቆው ሽማግሌ ይቀመጡባት የነበረችው ድንጋይ የለችም። ዘይት የሚመጣው በፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ ሆድ ድምፅ አያጎላም፣ የዛሬ ልጆች ቆርቆሮ ጊታር የማይሠሩት ፍላጎት አጥተው ነው ለማለት ይከብዳል። የአምቦ ውኃም በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ይህን ይዞ ሽቦ ላይ ማሳረፍ ለሞከረ ሰው ምንም አይሰማውም፣ ሽቦው ጠርሙሱን ገፍቶ ያጎብጠዋል።

የጎበጠው ጊታር አሁንም አለ። ቡሎኑ ዝጓል፣ ሆዱ ላይ የጭስ ቀለም ተጋግሯል፣ አፍንጫን ወደ ቀዳዳው የሚያስጠጋ ሰውም የባህር ዛፍ ጭስና የአሮጌ እንጨት ሽታ ያገኛል። ባለቤቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ የእናቱ ቤት ተቀምጦ በስልኩ መቃኛ ክሮቹን አንድ በአንድ አስተካከለ፤ የስልኩ መስታወት ለስድስቱም አረንጓዴ አበራ። ሲመታው ግን ሚ የምትባለዋ ክር ከትዝታው ጋር አልገጠመችም። ስልኩ የሚያውቀው የስምንት ድምፅ ርቀቱ በአሥራ ሁለት እኩል ቦታ የተከፈለውን የፒያኖ ድምፅ ነው፤ በገበያው ጥግ አንገት ይነቀነቅላት የነበረችው ሚ ከዚያ በጣም ጥቂት ዝቅ ትል ነበር። ስልኩን አጥፍቶ መቃኛውን ከፀጉር ባነሰ መጠን አላላው፤ ጠበቀ፣ መታ፣ እንደገና አላላ።

ብረቱ አልተገኘም። በየመደርደሪያው ሲፈለግ ከአሮጌ ላምባ መብራት ኋላ አቧራ የለበሰ የአምቦ ጠርሙስ ወጣ፤ ጠረገውና በጎኑ ያለውን መስመር በአውራ ጣቱ ፈለገ፣ አገኘው፣ ጠርሙሱን ጥቂት አዙሮ ክሮቹ ላይ አሳረፈው። ድምፁ እንደ ብረቱ አልቆየም፤ ቀጠን ብሎ ወጣ፣ ከዶ ወደ ሬ ያለውን መንገድ ዳሰሰ፣ ጥቂት ተንቀጠቀጠ። ከመጋረጃው ማዶ ተኝታ የነበረችው እናቱ ተገላበጠች፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ባለ ድምፅም ያን ጠርሙስ ለባለሱቁ መለስከው ወይ ስትል ጠየቀችው።